ሚስቴ ዓይኗን የጨፈነችበት ድምፅ

ሚስቴ ዓይኗን ጨፍና ዘፈን ስትሰማ መጀመሪያ ያየኋት በሰው ቤት ነው። የሰሊጥ አጨዳው አልቆ፣ የቀን ሠራተኞቹ በጭነት መኪና እየተሳፈሩ ወደ ደጋ የሚመለሱበት፣ መተማ ዮሐንስም ፀጥ ማለት የምትጀምርበት ሰሞን ነበር። የቤቱ ባለቤት ወዳጄ ነው። ምሳ ጋብዞን ሄድን፤ ከበላን በኋላ እጁን እየታጠበ "ቆዩማ፣ አንድ ነገር ላሰማችሁ" አለ።

ይህ ወዳጄ ትራንዚተር ነው፤ የነጋዴ ሰነድ ይዞ ጉምሩክ ውስጥ ከክፍል ክፍል እየተመላለሰ ዕቃ የሚያስለቅቅ ሰው። ሚስቱና ልጆቹ ጎንደር ናቸው። ወዲያ ማዶ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የሚያልፈው መኪና ስለቀነሰ ጊዜ ተረፈው። ሌላው ሰው የተረፈውን ጊዜ ለካርታና ለቢራ ሲያውለው እሱ ለድምፅ አዋለው።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ያለኝ ዲፕሎማ ቢሆንም የቆላ ሰው ከብቱን ያዳነለትን ሁሉ "ዶክተር" ስለሚል፣ ማረም ከተውኩ ቆይቻለሁ። ከጎጃም ተመድቤ መጣሁ፤ እዚሁ አገባሁ፤ ሁለት ሴት ልጆች ወልጄ እዚሁ ቀረሁ። ሚስቴ የሰሊጥ ገበሬ ልጅ ናት። በአባቷ እርሻ ላይ ትራክተር የሚነዱት ሱዳኖች ስለነበሩ ዐረብኛን ከአማርኛ እኩል ነው የለመደችው። የእኔ ዐረብኛ ከላምና ከግመል አያልፍም። "ከመቼ ጀምሮ ነው መብላት ያቆመችው?" ብዬ መጠየቅ እችላለሁ፤ ስለ ፍቅር የተዘፈነውን ግን አልሰማም።

ወዳጄ መስኮቱን ገርበብ አደረገና ከግድግዳው ጥግ ያለውን ጨርቅ ገለጠ። ከሥሩ አንድ ከባድ የብረት ሣጥን አለ፤ በላዩ ላይ የቆሙ የመስታወት አምፖሎች አሉበት። ማብሪያውን ሲጫነው ምንም አልሆነም። ቆየት ብለው አምፖሎቹ ከውስጥ እንደ ፍም ቀስ እያሉ ቀሉ። "የድሮ ሬዲዮ አሠራር ነው፤ አምፕሊፋየር ነው፣ ግን ባለ አምፖል" አለን። ስፒከሮቹ የት እንዳሉ ስፈልግ ከመደርደሪያው ላይ፣ ከጫማ ካርቶን ትንሽ ከፍ የሚሉ ሁለት የእንጨት ሣጥኖች አየሁ። በልቤ "ይኼው ነው እንዴ?" አልኩ።

የሱዳን ዘፈን ነበር። አንድ ሰው ዑድ እየመታ ይዘፍናል፤ ሌላ ምንም የለም። ዘፋኙ ትንፋሹን ሲስብ፣ ጣቱ ክሩ ላይ ሲንሸራተት ይሰማል። ሚስቴ ወንበሩን ደገፍ አለችና ዓይኗን ጨፈነች። እጆቿ ጭኗ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። ፊቷ ላይ እኔ የማላውቀው ነገር መጣ፤ ደስታ ልበለው ኀዘን አላውቅም፤ ብቻ በእኔ ምክንያት መጥቶ የማያውቅ ነገር ነው።

ከዚያ ዘፋኙ አንድ ነገር አለ፤ ሚስቴና ወዳጄ እኩል ሳቁ። ዘግይቼ እኔም ሳቅሁ።

"ምን አለ?" አልኳት።

"ተወው፣ በአማርኛ አያስቅም።"

ዘፈኑ ሲያልቅ ዓይኗን ገልጣ ወደ ወዳጄ ዞረችና "እንደገና አድርገው እስቲ" አለችው። አድርገው! እስከዚያ ቀን ድረስ "እርስዎ" ነበር የምትለው።

በእግራችን ወደ ቤት ተመለስን። ቤታችን አጠገብ ስንደርስ "እነዚያ አምፖሎች ቤቱን ምጣድ አድርገውት የለም? በዚህ አገር ላይ ደግሞ ሌላ ሙቀት" አልኳት።

"እኔን አልሞቀኝም" አለች።

መተማ ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጦ "አልሞቀኝም" ያለ ሰው ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ያኔ ነው ቅናቱ ልቤ ውስጥ የገባው። ከዚያ በኋላ ገጠር ገለጉ ድረስ ከብት ልከትብ ስሄድ በሞተር ሳይክሉ ላይ ሆኜ የማስበው ያንን ፊት ነበር። በሬ መውጊያ መርፌ ይዤ "ግን ምንድን ነው ያሳቃቸው?" እላለሁ።

መፍትሔ ያልኩት እንዲህ ያለውን ዕቃ ለራሴ ቤት መግዛት ነው። ለሞተር ሳይክሌ ጎማና ለኮርኒስ ያስቀመጥናት ጥቂት ገንዘብ ነበረችን። ሚስቴን ጠየቅኋት።

"ኮርኒሱስ?" አለች መጀመሪያ። ቀጥላ ግን "ከሆነልህ ግዛ፤ ለልጆቹም ጥሩ ነው" አለችኝ። ለልጆቹ! ለማን እንደምገዛው አልገባትም።

የከፋው፣ ስለዚህ ዕቃ የሚያውቅ ሰው በዚያ ከተማ ከወዳጄ በቀር አለመኖሩ ነው። የቀናሁበትን ሰው ምክር መጠየቅ ነበረብኝ። ቢሮው ሄጄ ስነግረው እንደ ሕፃን ፈነደቀ። ደጁ ላይ ባለው የሣር ዳስ፣ በራኩባው ጥላ ሥር የሚጠጣ ከርከዴ አስመጣልኝና ከወንበሩ ተነሥቶ ያስረዳኝ ጀመር።

"መጀመሪያ ትልልቁን እርሳው። ያንተ ሳሎን ጠባብ ነው። ጠባብ ቤት ውስጥ ትልቅ ስፒከር ማስገባት ጎጆ ውስጥ ትራክተር እንደማስነሣት ነው። ሁለተኛ፣ ባለ አምፖል ጉልበቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ በትንሽ ጉልበት የሚናገር ስፒከር ፈልግለት፤ ሰነፍ ስፒከር ከሰጠኸው ሲገፋ ይኖራል። ገንዘብህ ጥቂት ከሆነ ደግሞ ከአምፕሊፋየሩ ይልቅ ለስፒከሩ አድላ።"

"ዋቱስ? ነጋዴዎቹ የሚጠሩት ዋት ብዙ ነው።"

"ዋት አትቁጠር፤ ስማ። የሰው ድምፅ አሰማው። ዘፋኙ ፊት ለፊትህ የቆመ ከመሰለህ ጨርሰሃል።" ከዚያ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። "ለምን አብረን አንሄድም? በሚቀጥለው ሳምንት ቤተሰብ ልጠይቅ ጎንደር እሄዳለሁ።"

እንቢ ለማለት ምክንያት አጣሁ። ደግ ሰው ላይ መቅናት ክፉ ሰው ላይ ከመቅናት ይከብዳል፤ የምትይዘው ነገር የለህም።

መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ጠብቀን በሚኒባስ ተነሣን። ሸህዲን አልፈን አይከል ላይ ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ወዳጄ ስለ ልጆቹ ያወራልኝ ነበር። እኔ ግን ከእሱ የበለጠ ዕቃ እገዛለሁ፤ አምፖሎቹ ከእሱ የበዙ ይሆናሉ እያልኩ ነበር።

ሱቁ ፒያሳ አካባቢ፣ ደረጃ ወርዶ የሚገባበት ጠባብ ቤት ነው። ባለቤቱ ሽበታም፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሽማግሌ ናቸው። ለሠርግ ከሚከራዩት፣ መብራት ከሚያብለጨልጩት ትልልቅ ስፒከሮች ጀርባ የድሮና ያገለገሉ ዕቃዎች ደርድረዋል።

"የምታውቁትን ዘፈን ይዛችኋል?" አሉን።

እኔ አልያዝኩም። ወዳጄ ከኪሱ ፍላሽ አወጣ። ያው ዘፈን ነው። ለሚስቴ የምገዛውን ዕቃ በእሱ ዘፈን ልመርጥ ሆነ።

ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው አምፖሎቹ በሰማያዊ መብራት በሚያበሩ አዲስ አምፕሊፋየር ላይ ነበር። ሽማግሌው ሲሰኩት ወዲያው ቦግ አለ። የወዳጄ ሲበራ ጊዜ ይወስድ እንደነበር ትዝ አለኝ። የታመመ ጥጃ ሲያመጡልኝ መጀመሪያ ጆሮውን ነው የምነካው፤ ሳላስበው አምፖሉን ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው።

"ይኼ አይሞቅም እንዴ?" አልኳቸው።

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። "ልጄ፣ የሚያበራው ከሥሩ ያለ ሌላ መብራት ነው። አምፖሉ ለጌጥ ነው። የሚፈልገው ስላለ አስቀምጣለሁ፤ ለጠየቀኝ ግን አልዋሽም።"

ቀጥለው ሁለት አምፕሊፋየሮች አሰሙን። አንዱ ትልቅ ነው፣ ድምፁ ደረትን ይመታል። ሌላው ትንሽ፣ ቀለሙ የተፋቀ፣ ያገለገለ ነው፤ እሱን ከሁለት የእንጨት ስፒከሮች ጋር አገናኙት። ወዳጄ በጣቱ መገጣጠሚያ የስፒከሩን ጎን እንደ በር አንኳኳና "እንጨቱ ደህና ነው፣ አይጮህም" አለ። ዘፈኑ ሲጀምር ሱቁ ውስጥ አንድ ሌላ ሰው የገባ መሰለኝ። ዞር ብዬ በሩን አየሁ።

"ለማን ነው የሚገዛው?" ብለው ጠየቁ ሽማግሌው።

"ለባለቤቴ" አልኩ።

"እንግዲያው ይኼን ውሰድ" አለ ወዳጄ፣ ወደ ትንሹ እያመለከተ። "እኅቴ ጎላ ያለ ነገር አትወድም። ለስለስ ያለውን ነው የምትወደው።"

ደሜ ፈላ። አሥር ዓመት አብሬያት ስኖር ጎላ ያለ ትወድ፣ ለስለስ ያለ ትወድ ጠይቄያት አላውቅም። ትልቁን ልግዛ ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ጆሮዬ እሺ አላለኝም፤ ትንሹ ይበልጣል፤ ማንም ደንቆሮ ያውቀዋል። የመረጠልኝን ገዛሁ። መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል አምፖሎቹን እንዳያቃጥላቸው ትንሽ ስታቢላይዘርም ጨመርኩ፤ ያንንም የነገረኝ እሱ ነው። ዕቃውን በጋቢዬ ጠቅልዬ፣ ሚኒባሱ በዘለለ ቁጥር እንደታመመ ልጅ እያቀፍኩ ወደ መተማ ወረድኩ።

ቤት እንደገባሁ የብርጭቆ መደርደሪያውን አጽድቼ አምፕሊፋየሩን መሐል፣ ስፒከሮቹን ግራና ቀኝ አደረግኋቸው። ሚስቴ ከጓዳ ወጥታ አየች።

"ብርጭቆዎቼን የት አደረግኻቸው?"

"ስሚ መጀመሪያ!"

አምፖሎቹ እስኪሞቁ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። ዘፈኑ መጣ። ሚስቴ ማማሰያ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ሰማች። "ጥሩ ነው፤ እሱ ቤት ካለው አያንስም" አለች። ከዚያ "ውይ ሽሮው!" ብላ ሮጠች።

ግማሽ ልቤ ተሰበረ። ግማሹ ግን ደስ አለው፤ ወዳጄ ተሳስቷል፣ የምትወደውን አላወቀም ማለት ነው። እንዲያ ያለ ደስታ ደስታ ከተባለ።

ከዚያ ወዲያ ቀን በቀን ሞከርኩ። ስፒከሮቹን አራራቅኋቸው፤ አቀራረብኋቸው። የቆርቆሮው ጣሪያ ያስተጋባል ብዬ ግድግዳው ላይ ጋቢ ሰቀልኩ። እሷ ልብስ ስታጥብ፣ የልጆቹን ፀጉር ስትሠራ፣ ምስር ስትለቅም ዘፈኑን እከፍታለሁ። "ጥሩ ነው" ትላለች። ዓይኗ ግን ክፍት ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር እየፈለገ ይዞራል።

አንድ ቀን ወዳጄ "ዕቃህ እንዴት ሆነ?" ብሎ መጣ። ሚስቴ ውኃ አቀረበችለት፤ ለስላሳ አስመጣችለት፤ በዐረብኛ ጥቂት ተጨዋወቱ። ከዚያ ጓዳ አልተመለሰችም። ሳሎን ባለው የጠፍር አልጋ፣ በአንገረቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ወዳጄ አንዱን ስፒከር ትንሽ ወደ ውስጥ አዞረና ዘፈኑን ከፈተ። እኔ ዘፈኑን አልሰማሁም፤ እሷን ነበር የማየው። ዓይኗን ጨፈነች። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ገንዘቤ በገዛሁት ዕቃ፣ እሱ ስላለ ጨፈነች።

ወዳጄ እንደወጣ እሷ የታጠበ ልብስ ማጠፍ ጀመረች። በሩ ላይ ቆምኩ።

"እሱ ሲኖር ብቻ ነው የምትሰሚው።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ዓይንሽን ጨፍነሽ የምትሰሚው እሱ ሲኖር ነው። እኔ ስከፍትልሽ ግን ምስር ትለቅሚያለሽ።"

የያዘችውን የልጅ ቀሚስ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። መጀመሪያ የምትስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም።

"አንተ ሰው፣ እሱ እንግዳ ነው። እንግዳ ጥዬ ጓዳ አልገባም። ስለዚህ እቀመጣለሁ። ከተቀመጥኩ ደግሞ ዓይኔ ራሱ ይከደናል። እሱ ቤት ስንሄድም እንግዳዋ እኔ ነኝ፤ ማንም ተነሺ አይለኝም። አንተ ዘፈን የምትከፍተው መቼ ነው? እጄ አረፋ ውስጥ ሲሆን! ከንጋት ጀምሮ እኮ ቆሜ ነው የምውለው።"

ግን ቅናት መልስ ሲያጣ ዝም አይልም።

"እሱን 'አንተ' ማለትሽስ? 'እርስዎ' ነበር የምትዪው።"

"ስንት ጊዜ 'እርስዎ እያልሽ ሽማግሌ አታድርጊኝ' ብሎ ለምኖኛል? አንተው ፊት አይደለም እንዴ?"

እውነቷን ነው፤ ለምኗታል።

"ያን ቀንስ ምን ነበር ያሳቃችሁ?"

አሁን ሳቀች፤ ቀሚሱን አፏ ላይ አድርጋ። "ዘፋኙ ለሚወዳት ልጅ 'ቤታችሁ ቅርብ ነበር፣ ውሻችሁ አራቀው' ይላታል።"

"ይኼ እኮ በአማርኛም ያስቃል!"

"ያስቃል። አንተ ግን ያን ቀን የጠየቅኸኝ እንደ ፖሊስ ነው። ለፖሊስ ቀልድ አይተረጎምም።"

ያን ቀን ተኮራርፈን አመሸን ማለት አይቻልም፤ እሷ ወዲያው ረስታዋለች። እኔ ግን አልረሳሁትም። ሰው ሚስቱን ከሌላ ወንድ ጋር ጠርጥሮ ቢቀና መድኃኒት አለው፣ ይጠየቃል፣ ይሸመገላል። እኔ ግን ሚስቴ ያረፈችበትን ሰዓት በሌላ ሰው ቤት አይቼ፣ ያ ዕረፍት የእኔ ስላልሆነ ነበር የቀናሁት። ያን ለማን ይነግሩታል?

በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልጆቹን አክስታቸው ቤት ሰደድኋቸው። "ተቀመጪ" አልኳት።

"ምን ልትሆን?"

"ሽሮውን እኔ እሠራለሁ።"

"አንተ? ሽሮ?" አለችና አንገረቡ ላይ ጋደም አለች፤ ላየው ብላ ነው እንጂ አላመነችኝም። አምፕሊፋየሩን አበራሁ፤ እስኪሞቅ ሽንኩርት ከተፍኩ። ዘፈኑ ሲጀምር ከጓዳ አንገቴን ብቅ አድርጌ አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች። ጠጋ ብዬ ሳያት ግን አፏም ከፈት ብሏል። ተኝታለች። ዘፈኑ ሳይጋመስ ማንኮራፋት ጀመረች።

ሽሮው ጓጎለ። እኔም ማማሰያውን እንደያዝኩ መሬት ላይ፣ በሁለቱ ስፒከሮች መሐል ተቀመጥኩ። ዕቃውን ከገዛሁ በኋላ ራሴ አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አልሰማሁትም ነበር። ቃሉ ባይገባኝም ዘፋኙ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ሊሰበር ሲል አጥብቆ እንደሚይዘው ያኔ አስተዋልኩ። አምልጦኝ የኖረ ነገር ነው። ስትነቃ "አለቀ እንዴ?" አለች፤ "ልመልሰው?" ብላት "አይ፣ ሽሮው ይምጣ፣ ራበኝ" አለችኝ። የጓጎለውን በእንጀራ እየደፈጠጠች በላች፤ ክፉ ቃል አልተናገረችም።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ እንዲሁ አደረግን፤ ሥራ ሲይዘኝ እየቀረ፣ ሲመቸን እየቀጠለ። አንዳንዴ ትተኛለች፤ አንዳንዴ ትሰማለች። አንዳንዴ ደግሞ እየሰማች ቃሉን ትተረጉምልኛለች።

ግንቦት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ከተማው መብራት አጥቶ ሰነበተ። ሲመለስ በኃይል መጣና የወዳጄን አምፕሊፋየር አቃጠለው። ለእኔ ስታቢላይዘር ያስገዛኝ ሰው ለራሱ አልገዛም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላብ አጥምቆት መጣ፤ ወዳጅ የሞተበት ይመስላል።

"ተቃጠለብኝ፣ ዶክተር። ጎንደር ልኬዋለሁ፤ መቼ እንደሚሠራ እንጃ" አለ።

ሚስቴ ለስላሳ አቀረበችለትና ተቀመጠች። ዘፈኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ወዳጄ ዓይኑን ጨፈነ፤ እሷም ጨፈነች። እኔም ልሞክር ብዬ ጨፈንኩ። ጥቂት ቆይቼ ገለጥኩ፤ ሁለቱ አሁንም እዚያው ናቸው። እንደገና ጨፈንኩ፣ እንደገና ገለጥኩ። በመካከላቸው ክፉ ነገር እንደሌለ አሁን አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ ቅናቱ ከደረቴ አልወጣም፤ ቦታ ብቻ ነው የቀየረው። ድምፁ እነሱን ይዞ የሚሄድበት አገር አለ፤ እኔን ግን ከበር ነው የሚመልሰኝ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሚስቴ "እስኪሠራልህ ድረስ ለምን ይኼን አትወስደውም?" አለችው።

ወዳጄ ወደ እኔ አየ፤ ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበ አላውቅም።

"አይ፣ ዕቃ ከቦታው ሲነሣ ይጎዳል" አለ። "እየመጣሁ ብሰማ ነው የሚሻለኝ፤ ካልከበዳችሁ።"

"ምን ይከብደናል!" አለች እሷ።

"ና እንጂ" አልኩት እኔም፣ እንዳይወስደው ብዬም፣ ከልቤም። ከዚያ ተነሥቼ ለሦስታችን ውኃ ልቀዳ ጓዳ ገባሁ።